እማዬ የገባችበት ጫካ

ሰኞ፣ ወደ ማታ

ፖሊሱ «ሳይረሳሽ ሁሉንም ጻፊው» አለኝ። በእኛ ቤት መርሳት የእማዬ ሥራ ነው ልለው አፌ ላይ መጥቶ ዋጥ አደረግሁት። ይኸው እጽፋለሁ።

እማዬ ትናንት ጠዋት ከቤት ወጥታ አልተመለሰችም። ዳቦ ገዝቼ ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሻይዋ ገና ይተናል። ነጠላ ጫማዋ አልጋዋ ሥር ነው፤ የኔን የዝናብ ቦት አድርጋ ነው የሄደችው። አረንጓዴ ሹራቧ ከማንጠልጠያው ላይ የለም። መጀመሪያ መታጠቢያ ቤት አየሁ፣ ከዚያ ደረጃውን፣ ከዚያ እንደ እብድ መንገድ ለመንገድ።

እማዬ መርሳት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። መጀመሪያ ምድጃውን ማጥፋት ረሳች፣ ቀጥላ የጎረቤቶቹን ስም፣ ቀጥላ የአባቴን መሞት። ስንነግራት በየጊዜው እንደ አዲስ መርዶ ስለምታለቅስ «ሥራ ሄዷል» ማለት ጀመርኩ። እኔን ግን አልረሳችኝም። ይኼን ለፖሊሱ ሁለቴ ነገርኩት፤ እሱ ግን አንዴም አልጻፈውም።

መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ከኋላ ባለችው ክፍል ሌንስ እሞርዳለሁ፤ ጠዋት ወጥቼ ሲመሽ ነው የምገባው። ወንድምጋሼ ሚስትና ልጆች አሉት፣ ቤቱም ሩቅ ነው። ቀን ቀን ማን ይጠብቃት? ስለዚህ በሩ ላይ በውጪ በኩል ጓጉንቸር አለ። ለራሷ ደኅንነት ነው። ትናንት ግን ዳቦ ቤቱ እዚሁ ማዶ ነው ብዬ ሳልቆልፍ ወጣሁ። ጥፋቴ ያቺ አንድ ቀን ናት። ሌላ ጥፋት የለብኝም።

የመኪና ማቆሚያው ዘበኛ አይቷታል። «ቀስ እያለች ወደ መናፈሻው ወረደች» አለኝ። «ሰላምታ ሰጠችኝ። ደስ ብሏት ነበር።»

ደስ ብሏት ነበር ያለውን ለፖሊሱ አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ በጥድፊያ

ሆስፒታል የለችም። አውቶቡስ ማቆሚያ የለችም። የድሮ ሰፈራችንም ሄድኩ፣ ያደግንበት ቤት ፈርሶ መጋዘን ተሠርቶበታል። ፎቶዋን አባዛሁ። ድምፄ ተዘግቷል። ከሰዓት ጀምሮ ዝናብ፣ ሹራቧ ደግሞ ስስ ነው።

ሐሙስ

መናፈሻው ውስጥ ገባሁ። ሃያ ዓመት ከጎኑ ስኖር አጥሩን እንጂ ውስጡን አላውቀውም ነበር። እማዬ በመስኮት እያየችው «እስቲ እዚያ አረንጓዴው ጋ ውሰጂኝ» ትለኝ ነበር፤ እኔም «ሲመቸኝ» እላት ነበር። ከእሑድ በፊት የነበረው እሑድም ብላኝ ነበር። ልብስ ማጠብ ነበረብኝ።

ከውጪ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ሲገቡበት ግን መንገዱ አንዴ በጽዶቹ መካከል፣ አንዴ በቁጥቋጦው ሥር እየተጠማዘዘ ይወርድና ጅረት ላይ ያደርሳል። ጅረቱ ላይ የእንጨት ድልድይ አለ። ከድልድዩ ወዲያ መንገዱ ሁለት ይሆናል፦ አንዱ ወፎቹ ወዳሉበት ሐይቅ፣ ሌላው ወደ ጥብቁ ደን። እኔ ይኼ ሁሉ ከመኝታ ክፍሌ ጀርባ እንዳለ አላውቅም ነበር።

አትክልተኛውን ፎቶዋን አሳየሁት። መቀሱን አስቀምጦ ረዘም ላለ ጊዜ አየው። «አሮጊቶች ብዙ ይመጣሉ፤ ሁሉም ግን ከሰው ጋር ነው የሚመጡት» አለኝ። ክፉ አስቦ አይደለም።

ልመለስ ስል ከጽዱ ጀርባ ሳል ሰማሁ። የእማዬ ሳል ነው፣ ጨርሳ «እህህ» የምትለው ሳይቀር። ሮጬ ዞርኩ። እርጥብ ሣር ብቻ። ሰው የረገጠው ሣርም አልነበረም።

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ከወንድምጋሼ ጋር ሐይቁን ዞርን። ወንድምጋሼ የግንባታ ፎርማን ነው፤ ሲያወራ ሁልጊዜ የሲሚንቶ ማደባለቂያ አጠገብ የቆመ ይመስላል። «እማዬ!» ብሎ ሲጣራ የሐይቁ ዳክዬ ሁሉ በአንዴ ተነሣ። የጥበቃው ሠራተኛ እየሮጠ መጣ።

«ወንድሜ፣ እዚህ መጮህ ክልክል ነው። ወፎቹ እንቁላል ላይ ናቸው።»

«እናታችን ጠፍታ ነው!»

ሰውየው ቆቡን አወለቀ። ከዚያ ቀስ ብሎ «እንግዲያው እኔም ልጥራ፣ ምን ልበል?» አለ። ሦስታችን እየተፈራረቅን ጠራን። የሚመልሰው ውሃው ብቻ ነበር።

ወፍ ሊያይ የመጣ አንድ ሽማግሌ የርቀት መነጽሩን አዋሰኝ። በሸንበቆው መካከል፣ ማዶ፣ አረንጓዴ ነገር ቁጭ ብሎ አየሁ። ሌንሱን ሳስተካክለው ቁጥቋጦ ሆነ። አውቃለሁ፣ ሥራዬ ነው፤ ሰው የሚያየው ሌንሱ የሰጠውን ነው። ግን ቁጥቋጦ ከመሆኑ በፊት ወደኔ ዞሮ ነበር።

መንገድ ላይ ወንድምጋሼ ያለኝን ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት ሲያንገበግበኝ ያድራል።

«እንዴት ሳትቆልፊ ትወጫለሽ?»

«ዳቦ ልገዛ ነው አልኩህ እኮ።»

«አንዲት ቀን! አንዲት ቀን ሳትቆልፊ ቀርተሽ—»

«አንተ አንዲት ቀን ጠብቀሃታል?»

እርምጃውን ፈጠን አደረገ። ሲለየኝ ግን ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ።

እሑድ

ደረጃው ላይ ሁለት ጎረቤቶቼ ሲያወሩ ሰማሁ። እኔ ከታች ነበርኩ፣ አላዩኝም።

«ቀን ቀን ትጣራ ነበር እኮ። መስኮቱን ስትመታ እኔ ልብሴን አሰጣለሁ።»

«ምን ታድርግ ልጅቷ፣ ሥራ አላት።»

«ምን አልኩ? ትጣራ ነበር ነው ያልኩት።»

የሰው አፍ መዝጊያ የለውም። እማዬ መስኮት አትመታም ነበር። ብትመታ አውቅ ነበር። ማታ ስገባ ሁልጊዜ ተኝታ ነው የማገኛት። የመስኮቱ ደፍ ላይ ቀለሙ ተላልጦ እንጨቱ ወጥቷል፤ እሱ የእርጥበት ነገር ነው።

ረቡዕ

ሥራ ገባሁ። የግራውን የቀኝ፣ የቀኙን የግራ አድርጌ ሞረድኩ። ደንበኛዋ መነጽሩን አድርገው «ኧረ ልጄ፣ መሬቱ ወደኔ መጣ!» አሉ። አለቃዬ ቀስ ብሎ ወደ ጓዳ ወሰደኝ። ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ «እህቴ፣ ዓይንሽ እዚህ የለም። ዓይንሽ ያለበት ሂጂ፤ ስታገኚያት ትመለሻለሽ» አለኝ።

ስታገኚያት አለ። ካገኘሻት አላለም። ጓዳው ውስጥ አለቀስኩ።

ዓርብ፣ ማታ፣ ረዥም

ጥብቁ ደን። ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ከተማው በጆሮ እየሳሳ ይሄዳል፤ መጀመሪያ መኪናው፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ ደወል፣ በመጨረሻ ውሻውም ይጠፋል። ዛፎቹ ትልልቅ ናቸው። ሽበት የመሰለ ነገር ከቅርንጫፋቸው ይንጠለጠላል። ጉም ስለነበረ ከፊቴ ያለው መንገድ እየቆየ ይፈጠር ነበር፣ ከኋላዬ ያለው እየጠፋ።

የደኑ ጠባቂ ሴት ናቸው፤ ሁሉም ሰው አለቃ ነው የሚላቸው። ወፍራም ካፖርት፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት፣ አንገታቸው ላይ ፊሽካ። ነገሬን እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «በበሩ እኔን ሳታስፈቅድ የገባች የለችም። ግን ጫካ በር ብቻ አይደለም ያለው» አሉ። አብረውኝ ወጡ። ያለ እሳቸው እጠፋ ነበር።

ጫፉ አካባቢ፣ ወደ ወዲያኛው ቁልቁለት በሚያሳየው ቦታ፣ አለቃ የወደቀ ግንድ ሊያዩ ትንሽ ራቅ አሉ። ብቻዬን ቆሜያለሁ። ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«እንቡጤ!»

በዓለም ላይ እንቡጤ የሚለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። መዝገብ ላይ የሌለ ስም ነው፣ ወንድምጋሼ እንኳ አይጠራኝም። አለቃ ሲመለሱ «ሰሙ?» አልኳቸው።

«ምን?»

«ሰው ሲጣራ።»

«ወፍ ይሆናል። እዚህ ሰው የሚመስል ብዙ ነገር አለ፤ እኔም አዲስ ሳለሁ ስንቴ አቤት ብያለሁ።»

ጉሙ ወፍራም ነበር፣ እየመሸም ነበር። ወረድን። ከፎቶዎቹ አንዱን ወሰዱ፤ «በወዲያኛው በር በኩል እለጥፈዋለሁ፤ ከዚያም ወገን ሰው ይወጣል» አሉኝ።

ጆሮዬ ነው። ካልበላሁ ስንት ጊዜዬ።

ሰኞ

እንቅልፍ ወሰደኝ፣ ያውም ጥሩ እንቅልፍ። ጠዋት ስነቃ ለአንድ አፍታ ቤቱ ጸጥ ማለቱ ደስ አለኝ። ከዚያ ለምን ጸጥ እንዳለ ትዝ አለኝ።

ማክሰኞ

ከድልድዩ ላይ ቆሜ ውሃ የሚጠጡ ጦጣዎች ሳይ ቆየሁ። አንዷ ግልገሏን ከጭራዋ ይዛ ወደ ኋላ ትጎትታለች፣ እሱ ወደ ውሃው ይንጠራራል። ሳቅ አመለጠኝ። ከጎኔ ያለች ሴትዮ አብራኝ ሳቀችና «በየቀኑ አይሻለሁ፤ አንቺም እንደኔ መራመድ ጀመርሽ?» አለችኝ። አዎ አልኳት! አዎ፣ መራመድ ጀመርኩ አልኳት። ፎቶዎቹን ከጃኬቴ ሥር ደበቅኋቸው።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ሐሙስ

ወንድምጋሼ መጣ። ቁጭ አላለም።

«እሑድ ሐዘን እንቀመጣለን።»

«ለማን?»

«አንቺ ልጅ! ብርዱ፣ ዝናቡ፣ ዕድሜዋ። ስንት ሳምንት ሆነ? እኔ እናት የለኝም እንዴ? እኔስ ማልቀስ የለብኝም?»

«ሬሳ ሳይገኝ?»

ድምፁን ሲቀንስ ያየሁት ዛሬ ገና ነው። «ሠራተኞቼ ፊት ማልቀስ አልቻልኩም፤ ልጆቼ ፊት አልቻልኩም። አንድ ቀን ስጪኝ» አለ።

አልሰጠሁትም። «ተቀመጥ፣ እኔ ግን አልመጣም» አልኩት። በሩን በቀስታ ነው የዘጋው፤ ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ በጥድፊያ

ፖሊስ ደወለ። ሐይቁ ዳር አንዲት አሮጊት። ሂጂና እዪ። ሄድኩ። ጨርቁን ገለጡ። እማዬ አይደለችም። «ተመስገን» አልኩ ጮክ ብዬ። ከጎኔ አንድ ሰው ቆሞ ነበር፤ ቀጥሎ እሱ አየ። «እማ» አለ።

እጄን አሥር ጊዜ ታጠብኩ።

እሑድ ማታ

ዛሬ በወንድምጋሼ ቤት እማዬ ተለቀሰች። ጎረቤቶቼ ጥቁር ለብሰው በደረጃው ሲወርዱ በበሩ ቀዳዳ አየኋቸው። አንዷ ቆም ብላ በሬን ልታንኳኳ እጇን አነሣችና ተወችው።

ቤት መቀመጥ አልቻልኩም። ወደ ደኑ ወጣሁ። አለቃ «ዛሬ ሰንበት ነው፣ ሰው የለም፣ ሳይመሽ ተመለሺ» አሉኝ። ጉም አልነበረም። ፀሐይዋ ዘንበል ብላ በግንዶቹ መካከል ታበራለች። እንደዚህ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ዛሬ ማማሩ ግን አስጠላኝ።

ጫፉ ላይ ደረስኩ። ያው ቦታ። ቁጭ አልኩ። አሁን ወንድምጋሼ ቤት ስሟን እየጠሩ ያለቅሳሉ ብዬ ሳስብ ነበር።

«እንቡጤ! እንቡጤ ነይ! መሽቷል!»

ወፍ አይደለም። ከታች ነው፣ ከወዲያኛው ቁልቁለት፣ ከዛፎቹ ሥር። ልክ ልጅ ሆኜ ከጨዋታ ስትጠራኝ እንደነበረው፣ መጨረሻውን ጎትታ።

እየተለቀሰች ባለችበት ሰዓት።

ሮጥኩ። ወደ ድምፁ አይደለም የሮጥኩት። ወደ ታች፣ ወደ ከተማው፣ ወደ መብራቱ። ሁለቴ ወደቅሁ። አለቃ በሩ ላይ ይዘው «ምን አየሽ?» ሲሉኝ «ምንም» አልኳቸው። በሬን ከውስጥ ቆልፌ ነው ይኼን የምጽፈው።

ሙት ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም ትል የነበረችው ራሷ እማዬ ናት።

ማክሰኞ፣ ቀን

ስልክ። አለቃ ናቸው። በወዲያኛው በር የለጠፉትን ፎቶ አንዲት ነርስ አይታዋለች። ከደኑ ማዶ፣ ቁልቁለቱ ሥር፣ የአረጋውያን ማረፊያ አለ። «በሕይወት አለች» አሉኝ። ሌላውን አልሰማሁም። ለወንድምጋሼ ደወልኩለት፣ አላነሣም። ሄድኩ።

ያው ማክሰኞ፣ ማታ

ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ግቢው ንጹሕ ነው። ነርሷ ወጣት ናት፤ እየሄድን ታወራኛለች። የእንጨት ጫኝ ሾፌር ነው ከደኑ ማዶ መንገድ ላይ አግኝቶ ያመጣት፤ እግሯ ቆስሎ፣ ቦቷ በጭቃ ሞልቶ። ስሟን ሲጠይቋት የእናቷን ስም ሰጠቻቸው። ልጅ አለዎት ወይ ሲሏት እንቡጤ አለች። ለነሱ ወረዳ ፖሊስ እንቡጤ የምትባል ሴት ፈልጉ ብለው አመለከቱ። እንቡጤ የምትባል ሴት የትም የለችም።

እማዬ ከዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ከስታለች። ፀጉሯን አሳጥረው ቆርጠውላታል። ፊቷ ላይ ግን ከዓመታት ወዲህ ያላየሁት ቀለም አለ፣ ፀሐይ የነካው።

«እማዬ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች። ከዚያ ጨዋ ሰው ለእንግዳ እንደሚያደርገው ብድግ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ይቀመጡ፣ ይቀመጡ። ማንን ፈልገው ነው?»

በሕይወቴ እማዬ እርስዎ ብላኝ አታውቅም። ተቀመጥኩ። ከአፌ የወጣው «እናቴን» የሚል ነው።

«አይዞዎት፣ ይገኛሉ። እኔም ልጄን እየጠበቅሁ ነው።»

«የት ሄዳ?»

«ሥራ። ጎበዝ ናት፤ የሰው ዓይን ታበጃለች።» ወደኔ ጠጋ አለችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ብቻ ትቆልፍብኛለች።»

«ለምን?»

«እንዳልጠፋ!» ሳቀች። «እርስዎ ሲያዩኝ የምጠፋ እመስላለሁ?»

«አልተቀየሟትም?» አልኳት።

«እናት ልጇን ትቀየማለች? ግን ቀኑ ይረዝማል፣ የኔ እመቤት። ቀኑ እንዴት እንደሚረዝም ብነግርዎት አያምኑኝም።» እጄን ያዘችኝ። እጇ ይሞቃል። «አያልቅሱ። እናትዎ ይገኛሉ።»

ነርሷ ልብሷን በፌስታል ስታዘጋጅልኝ «ደግ ናቸው፣ ማንንም አያስቸግሩም» አለችኝ። «ወደ ማታ ላይ ብቻ አጥሩ ሥር ይቆሙና ወደ ጫካው ይጣራሉ። ግቡ ስንላቸው፣ ልጄ እዚያ ናት ይላሉ።»

አጥሩ በየት በኩል እንደሆነ አልጠየቅሁም። ከትከሻዋ በላይ ቁልቁለቱና ጽዶቹ ይታዩኝ ነበር።

ረቡዕ

እማዬ ትናንት አብራኝ ቤት ገባች። ወንድምጋሼ ጥቁር ልብሱን እንኳ ሳያወልቅ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አያት፤ ያ ሁሉ ድምፅ የት እንደገባ። እማዬ አየችውና ሁለት እጇን ዘረጋች።

«ልጄ! ምነው ከሳህብኝ?»

አወቀችው። እሱን አወቀችው። እግሯ ሥር ተደፍቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ እሷም ጭንቅላቱን እያሻሸች ወደኔ ቀና አለች፦ «ልጄ ነው። ይቅርታ ያድርጉልን፣ በሰው ቤት...»

ሻይ ላፈላ ጓዳ ገባሁ። ውሃው እስኪያልቅ ፈላ።

ሲወጣ በደረጃው ላይ «ትመለስልሻለች፤ ግራ ገብቷት ነው» አለኝ። ቀጥሎ በሩን እያየ «ጓጉንቸሩ የታለ?» አለ።

«ፈታሁት።»

«አብደሻል? ደግሞ ልትጠፋ!»

«ፈታሁት አልኩህ፣ ወንድምጋሼ።»

ሰኞ

አለቃዬ ግማሽ ቀን እንድሠራ ፈቀደልኝ። ጠዋት ጠዋት ያቺ ልብስ የምታሰጣው ጎረቤቴ ትቀመጥላታለች። ልጠይቃት ሄድኩ። ሳልጨርስ «ድሮስ መች ጠየቅሽኝ?» አለችኝ። ቂም ይሁን ደግነት አልገባኝም፤ ጠዋት ግን ከሰዓቷ ቀድማ መጣች።

ከሰዓት እማዬን ይዤ እወጣለሁ። ዛሬ መናፈሻውን። በእያንዳንዱ ዛፍ ሥር ቆም ትላለች፣ ቅርፊቱን ትነካለች። «ይኼን ሁሉ ማን አስቀመጠው?» ትላለች። አንድ ሺህ ጊዜ በመስኮት ያየችው ነው።

ሐሙስ

ሐይቁ። ዳክዬዎቹ ጫጩቶቻቸውን አስከትለው ወጥተዋል። የጥበቃው ሠራተኛ ከሩቅ አይቶን ቆቡን አወለቀ፣ ቀረብ ግን አላለም። እማዬ ሸንበቆው ዳር ቆመችና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«እንቡጤ!»

ዳክዬዎቹ አልተነሡም። ድምፅዋ ያን ያህል ነው።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ እንቡጤ። እዪኝ።»

ፊቷ ተለወጠ። እንደዚያ ተቆጥታ አይቻት አላውቅም። «አይቀልዱብኝ። በሰው ልጅ አይቀለድም። ልጄን የማላውቅ ይመስልዎታል?» ክንዷን ከክንዴ አላቀቀች። እስከ ቤት ድረስ ሁለት እርምጃ ቀድማኝ ሄደች። እኔ እንደ ሌባ ከኋላዋ።

ሁለተኛ አልላትም።

እሑድ

በየሄድንበት ትጣራለች። ድልድዩ ላይ፣ አግዳሚው ላይ፣ ሕፃናቱ በሚጫወቱበት ሣር ላይ። ሰዎች ዞር ብለው ያዩናል። «ማንን ነው የሚፈልጉት?» አለኝ አንዱ። «ልጃቸውን» አልኩት። «የት ጠፋች?» አለ። የእማዬን ክንድ ይዤ አለፍኩ። ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ በግድግዳው በኩል አዳምጣለሁ። በእንቅልፏም ትጣራለች። አንዳንዴ የኔ ስም መሆኑን እረሳዋለሁ፤ የሞተች ልጅ ስም ይመስለኛል።

ቅዳሜ

ዛሬ ራሷ ወደ ደኑ እንሂድ አለችኝ። ፈራሁ፤ ቢሆንም ሄድን። አለቃ በሩን ሲከፍቱልን እማዬ እጅ ነሣቻቸው። ቀስ እያልን፣ እያረፍን፣ ግማሽ መንገድ ወጣን። ከአንድ ሰፊ ጽድ ሥር አስቀመጥኳትና ሹራቧን ቆለፍኩላት። ፀሐይዋ እየወረደች ነው።

ተጣራች። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ድምፅዋ ተሰበረ፤ «ሳትበላ ነው የወጣችው» አለችኝ።

ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም። «መጣሁ፣ አንዴ» አልኳትና ተነሥቼ ከዛፉ ጀርባ ዞርኩ። ከዚያ ወዲያ ወዳለው ዛፍ አለፍኩ፣ እኔ እያየኋት እሷ ወደማታየኝ። ግንዱን ተደግፌ ቆምኩ።

«እንቡጤ!»

«አቤት፣ እማዬ!»

ራሷን ወደ ድምፄ አዞረች።

«አለሽ እንዴ?»

«አለሁ።»

«የት ነሽ የኔ ልጅ? ድምፅሽ ብቻ ነው የሚሰማኝ።»

«እዚሁ ነኝ። ቅርብ ነኝ።»

«ብርድ እኮ ነው። ደርበሻል?»

«ደርቤያለሁ፣ እማዬ።»

«በልተሻል?»

«በልቻለሁ።»

«እኔን አታስቢ። አንዲት ደግ ሴትዮ ይዘውኛል። በሩን አይቆልፉም።» ሹራቧን ነካ አደረገች። «አልተቀየምኩሽም፣ እሺ? ሥራሽን ስትጨርሺ ነይ።»

«እሺ፣ እማዬ።»

አፌን በእጄ አፍኜ ቆየሁ። እስክረጋጋ፣ ፊቴን እስክጠርግ። ስመለስ ቆማ ነበር፣ ዓይኗ በርቶ፣ እንደ ወጣት።

«ሰሙ?» አለችኝ ክንዴን ጨብጣ። «ሰሙ አይደል? ልጄ እኮ ናት!»

«ሰማሁ» አልኳት።

ክንዴን ሰጠኋት፣ መውረድ ጀመርን። በየጥቂቱ እየቆመች ወደ ኋላ፣ ወደ ዛፎቹ ትዞራለች። በዞረች ቁጥር እኔም አብሬያት ዞርኩ።